የተዘቀዘቀ ነጠላ

«ዘቅዝቂው» አለች መቅዲ። መልስ ሳትጠብቅ ነጠላውን ከአይናዲስ ትከሻ ላይ ገፈፈችና ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጣ አንገቷ ላይ ጠመጠመችው። አረንጓዴና ቀይ የሆነው ጥለት አገጯ ሥር መጣ።

አይናዲስ እጇን ሰድዳ ያዘችው።

«ተይ እንጂ። ይኼ የሐዘን ነው።»

«አውቃለሁ የኔ ቆንጆ። አንድ ቀረጻ ብቻ ነው። ጥለቱ እታች ሲሆን ካሜራው አያገኘውም። ፊትሽ ጋ ሲመጣ ግን እንዴት እንደሚያበራሽ እይው።»

«የዘፈኑ ሰው እኮ አልሞተም። መንገድ ሄዶ ነው። ሰው ምን ይላል?»

«ማን ያስተውለዋል ማሬ? አሁን ልጆቹ ሁሉ እንደፈለጋቸው ነው የሚለብሱት።»

መቅዲ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ሥራዋ ዘፋኞችን ማልበስ ነው። አይናዲስ አልፈረደችባትም። ፊቷን ወደ ዳይሬክተሩ አዞረች።

«አበባው፣ አንተ የማርቆስ ልጅ ነህ። ንገራት እንጂ።»

አበባው ካሜራው ላይ እንዳጎነበሰ ነበር። ከማርቆስ ወደ ይጁቤ በሚወርደው የጠጠር መንገድ ዳር፣ ከአንድ ጉብታ ላይ ቆመዋል። ፀሐይዋ ተራራው ጫፍ ላይ ደርሳለች። ቀኑን ሙሉ ያስጨፈሯቸው ጎረምሶች ደክሟቸው ሣር ላይ ተጋድመዋል።

«ብርሃኑ እያለቀብን ነው» አለ አበባው ቀና ሳይል። «አንዴ እንሞክረው። ካላማረ እናወጣዋለን።»

ካላማረ ማለቱን አይናዲስ ልብ ያለችው በኋላ ነው።

ሞንታርቦው ዘፈኑን ለቀቀው። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ባዶውን መንገድ አየች። አንድ አይሱዙ አለፈና አቧራውን አምጥቶ ዓይኗ ውስጥ ሞጀረው። ዓይኗ አለቀሰ። ልትጠርግ እጇን ስታነሳ አበባው «እንዳትነኪው! እንዳትነኪው!» ብሎ ጮኸ። አልነካችውም። እንባው በጉንጯ ወርዶ ጥለቱ ላይ ቆመ።

ከዚያ ትንሿ ስክሪን ላይ አሳዩዋት። ጎረምሶቹ ሳይቀሩ ተነሥተው መጡ። አይናዲስ ያየቻት ሴት እሷን አትመስልም። አጥንቷ የወጣ፣ ዓይኗ ጠልቆ የሚያበራ፣ ሰው ቆሞ ሊያያት የሚገባ ሴት ናት።

«ይኼን እንዳታስገቡት» አለች፤ ድምፅዋ ግን ለራሷም ቀጭን ሆነባት።

«እሺ» አለ አበባው።

ሁለተኛ አልደገመችውም።

ያደገችው ከይጁቤ ወረድ ብላ ባለች ቀበሌ ነው። ለዘፈን የበቃችው በአጎቷ ልጅ ሰርግ ነው፤ የተጠራው ዘፋኝ በጭቃ ተይዞ ሲቀር አጃቢዎቹ እሷን ገፍተው አስገቧት። እስኪነጋ ዘፈነች። ከዚያ በኋላ የአካባቢው ሰርገኛ «ያቺን ልጅ ጥሩልን» ማለት ጀመረ። ማርቆስ ገብታ ኦርጋን ከሚጫወት ሰው ጋር ተጣምራ መሥራት ከጀመረችም ቆይታለች። ጥር በመጣ ቁጥር ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ትዘፍናለች።

ድምፅዋን ሁሉም ያውቃል። ፊቷን የሚያውቅ የለም። ሰርግ ላይ የሚታየው ሙሽራ ነው። አንድ ጊዜ ደጀን ላይ፣ የእሷው ዘፈን ከስልክ እየተለቀቀ ሰው ሲጨፍር፣ አንዲት ሴትዮ ትከሻዋን ነካ አድርገው «አንቺ፣ ውኃ ጨምሪልን እስቲ» ብለዋታል። ጨመረችላቸው።

«ፊት የለሽም» አላት አበባው መጀመሪያ የተገናኙ ቀን። «አትቀየሚኝ። ድምፅ አለሽ። አሁን ግን ሰው ዘፈን አይሰማም፤ ያያል። ያላየውን ደግሞ ለሰርጉ አይጠራም።»

እውነቱን ነው። ባለፈው ጥር ሁለት ሰርጎች ክሊፕ ላላት ለሌላ ልጅ ሄደውባታል።

ክሊፑን ከእሷ አብልጦ የፈለገው ባሏ ነበር። አማረ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው። በወር አንዴ ቤቱ ቢገባ ነው፤ ሲገባም እንደ እንግዳ በር ላይ ቆሞ ጫማውን ያራግፋል። «የሾፌሩ ሚስት መባልሽ ይብቃ» ይላት ነበር እየሳቀ። «አሁን ደግሞ እኔ የዘፋኟ ባል ልባል።» ዘፈኑም ስለ እሱ ነው፤ ስሙ «አቧራ»፤ የሚዘፈነውም ለጭፈራ ነው።

አቧራ አይቼ ወጣሁ፣ መኪናህ መስሎኝ፤
ነፋስ ነው አሉኝና፣ ደጅ ላይ ቀረሁኝ።

ሰርግ ላይ ስትለው ሴቶቹ ባሎቻቸውን በክርን እየጎሰሙ ይስቁበታል። ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ትከሻቸውን ይሰብቃሉ።

አማረ ክሊፑ ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው ከሚሌ ደወለ።

«ወጣ?»

«ነገ ነው አሉ።»

«ጅቡቲ ገብቼ ኔትወርክ ካገኘሁ አየዋለሁ። ረዳቴ ካሁኑ ለሾፌሩ ሁሉ እያወራብኝ ነው።» ሳቀ። «በይ፣ ከዚህ ወዲያ ስልክ የለም።»

ከዚያ ወዲያ ስልኩ አልሠራም። የመጀመሪያውን ቀን አይናዲስ አላሰበችበትም። እዚያ መስመር ላይ ስልክ መጥፋቱ አዲስ አይደለም።

ክሊፑ ወጣ። ገና ሳትከፍተው የሽፋኑን ፎቶ አየች። ከዚያ ሁሉ ጭፈራ፣ ከዚያ ሁሉ ፈገግታ መሃል የመረጡት አንድ ነው፤ የተዘቀዘቀው ነጠላ፣ ጉንጯ ላይ የሚወርደው እንባ፣ ከኋላዋ ባዶ መንገድ። ከፈተችው። ዘፈኑን አዝግመውታል። ጭፈራው ተቆርጦ የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

ለአበባው ደወለችለት።

«አላስገባውም ብለኸኝ አልነበር?»

«አስተያየቱን አንብበሻል?»

«አበባው፣ ሰው የሞተበት ሰው ነው የምመስለው።»

«አንብቢውና ደውይልኝ።»

አነበበችው። ከአዋሳ፣ ከጎንደር፣ ከማታውቀው አገር ጽፈውላታል። «ይህቺ ሴት ማናት?» ይላል አንዱ። «ልቤን ሰበረችው» ይላል ሌላው። ዕድሜዋን በሙሉ ዘፍና ያላገኘችው ነገር ነው። ማንም አይቷት አያውቅም፤ አሁን ሁሉም እያያት ነው። ፊቷ ሞቀ። ወደ ታች ወረደች።

«ማንን አጥታ ነው?»

«ባሏን። የጅቡቲ ሾፌር ነበር አሉ።»

ነበር የምትለዋ ላይ ቆመች።

በማግስቱ ገበያ ወጣች። ሽንኩርት የምትሸጥላት ሴት ሒሳቡን አልነገረቻትም፤ ዝም ብላ ሞላችላትና ጭንቅላቷን ዝቅ አደረገች። ባጃጅ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጡ አሮጊት ፊቷን ትክ ብለው አይተው «ነፍስ ይማር ልጄ» አሏት።

«ማን ሞተና እማማ?»

አሮጊቷ ጉልበቷን መታ መታ አደረጓት።

ከሰዓት በኋላ ለጥር የያዟት ሰው ቤቷ ድረስ መጡ፤ የሙሽራው አባት። ኮፍያቸውን አውልቀው በር ላይ ቆሙ።

«ግቡ እንጂ አባባ።»

«አልገባም ልጄ። ሐዘንሽ እስኪወጣ አናስቸግርሽም ለማለት ነው የመጣሁት። ሌላ ሰው እንፈልጋለን።»

«ሐዘን የለብኝም። ባሌ ደህና ነው። ያ ለክሊፑ ተብሎ የተለበሰ ነው።»

ሰውዬው ኮፍያቸውን በእጃቸው አዞሩት።

«ሰው ሳይሞትብሽ ነው የዘቀዘቅሽው?»

«አዎ።»

«ይኼማ ባሰ» አሉና ሄዱ።

በዚያው ቀን አራት ጊዜ አማረ ዘንድ ሞከረች። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» ትላለች ሴትዮዋ በማይለወጥ ድምፅ። የመኪናው ባለቤት ዘንድ ደወለች። እሱም አላገኘውም። «አፋር ውስጥ መንገድ ተዘግቷል የሚል ወሬ አለ፤ ወሬ ነው እንግዲህ» አላት። ለማረጋጋት የተናገረው ነበር።

አበባው በበኩሉ ስልኩን ያነሳል፤ ሲያነሳም «ነገ» ነው የሚለው። ፎቶውን ነገ እንቀይረዋለን። ነገ ሲደርስ ደግሞ ነገ።

ከዚያ ጤናዬ ደወለች። ጤናዬ የአማረ እህት ናት፤ ከይጁቤ ወዲያ ገጠር ውስጥ ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሰንበት ጋር ትኖራለች። ቤቱ ኔትወርክ ስለሌለው ጉብታ ላይ ወጥታ ነው የምትደውለው። ድምፅዋ ነፋስ አለበት።

«እማ አይታዋለች» አለች ጤናዬ።

«ምኑን?»

«አንቺን ነዋ። የጎረቤት ልጅ ከገበያ መጥታ በስልኳ አሳየቻት። 'ምራትሽ ዝነኛ ሆነች' ብላ እኮ ነው፤ ለደስታ። እማ አየችና ስልኩን መለሰችላት። ምንም አላለችም።»

«ንገሪያታ! ልብስ ነው በያት! አልባሿ ናት ያለበሰችኝ።»

«ነገርኳት። 'እሺ' አለችኝ። አይናዲስ፣ እሺ እያለች ነው። እህል አትቀምስም። ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ በሩን ትከፍትና ደጃፉ ላይ ትቀመጣለች። ምን እንደምትጠብቅ ታውቂያለሽ?»

አይናዲስ ታውቃለች። በዚያ አገር መርዶ ሲነጋጋ ነው የሚመጣው። ሰው ሲሞት ዘመድ ሁሉ ሰምቶ፣ ሁሉም አፉን ይዞ፣ እናት ብቻ ሳትሰማ ትቆያለች። ልጅሽ ደህና ነው ይሏታል። ትናንት ደወለ ይሏታል። ከዚያ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎችና የንስሐ አባት ተሰብስበው ደጇን ይረግጣሉ። ወለተ ሰንበት የባላቸውን ሞት የተረዱት እንዲህ ነው። ከዚያ በፊት ለአንድ ወር ያህል ጎረቤቱ ሁሉ «ሆስፒታል ነው፤ እየተሻለው ነው» ሲላቸው ከርሟል። ስለዚህ ደህና ነው የሚል ሁሉ አሁን ለእሳቸው የሞት ማስረጃ ነው።

«'ምራቴ ተረድታለች፤ እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት' ነው የምትለው» አለች ጤናዬ። ነፋሱ ብቻ ተሰማ። «አይናዲስ፣ ለእማ አልነግራትም። ለእኔ ግን እውነቱን ንገሪኝ።»

«አንቺም?»

«ስልኩ ለምን አይሠራም?»

«እንጃ።»

«እሺ» አለች ጤናዬ። የእናቷ እሺ ነበረች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አይናዲስ የይጁቤን ሚኒባስ ተሳፈረች። ከቤት ሳትወጣ ነጠላዋን ጥለቱን እታች አድርጋ ለብሳ ነበር፤ ከዚያ መስታወት ፊት ቆማ አወለቀችው። ጨርሶ ሳትለብስ ብትሄድ ደግሞ አማት ቤት በባዶ ትከሻ ነው። እንደገና ለበሰችው። ሚኒባሱ ውስጥ ሾፌሩ አያትና ሲዘፍን የነበረውን ስልክ አጠፋው። ዘፈኑ የእሷ ነበር። የጨዋታው ድምፅ ሁሉ ጸጥ አለ፤ ከጎኗ ያለው ሰው ለአክብሮት ወደ መስኮቱ ተጠጋላት። እስከ ይጁቤ ድረስ ሰው አልሳቀም።

ከይጁቤ ወዲያ በእግር ነው። ጤፉ እየተወቃ ነው። አውድማ ላይ የነበሩ ሰዎች መጀመሪያ ቀና አሉ፤ ከዚያ በሬዎቹን አቆሙ። አንዱ መንሹን መሬት ላይ ተከለው። ማንም ሰላም አላላትም፤ ሁሉም ግን ተከተሏት፤ ራቅ ብለው፤ እንደ ቀብር ሰው። ዞር አለች።

«ምን ሆናችኋል? ለጥየቃ ነው የመጣሁት!»

«እሺ እሺ፣ ሂጂ ልጄ» አሏት አንድ ሽማግሌ።

ግቢው ስትደርስ ሴቶች ቀድመዋት ገብተዋል። አንዳንዶቹ ጥለታቸውን ወደ ላይ አድርገው ቆመዋል። ጤናዬ ግድግዳ ተደግፋለች። ወለተ ሰንበት በራፋቸው ላይ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰውነታቸው መንምኗል። ቄስ ኪዳነ ማርያም፣ የንስሐ አባታቸው፣ ከአጠገባቸው መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። ሰው ሲሯሯጥ አይተው ነው የመጡት።

አይናዲስ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል እጃቸውን ዘርግተው አቆሟት።

«ብቻሽን ነው የመጣሽው? ሽማግሌ አጥተሽ ነው?»

«እማ፣ ሽማግሌ ለምን? አማረ ደህና ነው።»

«እሺ።»

«እማ እሺ አይበሉኝ! ያ ነጠላ ለክሊፕ ነው። ፊቴን እንዲያሳምረው ብለው ነው። እንቢ ብያቸው ነበር።»

«እንቢ ብለሽ ለበስሽው?»

ከኋላዋ አንዲት ሴት በዝግታ ማልቀስ ጀምራለች።

«መቼ ነው ያነጋገርሽው?» አሉ ወለተ ሰንበት።

«ከሚሌ ደውሎልኝ ነበር።»

«መቼ?»

«ክሊፑ ሊወጣ ሲል።»

«ከዚያ ወዲህስ?»

«ስልኩ አይሠራም እማ። በረሃ ነው።»

ወለተ ሰንበት ከመደቡ ተነሡ። አጭር ሴት ናቸው፤ ግን ግቢው በሙሉ ወደ ኋላ አለ። የቄሱን እጅ ያዙና መስቀሉን በአይናዲስ ፊት አደረጉት።

«አማረ ዛሬ፣ አሁን፣ በሕይወት አለ። ማርያምን በይ።»

አይናዲስ አፏን ከፈተች። ትናንት ቢሆን ሳታስብ ትለው ነበር። አሁን የመኪናው ባለቤት ድምፅ መጣባት፤ ወሬ ነው እንግዲህ። ነበር የሚለው ቃል መጣባት። መስቀሉን አየችው። አታውቅም። ባሏ ይኑር አይኑር አታውቅም፤ ይህንንም እስከዚህች ሰዓት ለራሷ አልነገረችውም።

«እማ፣ እኔ...»

ይበቃ ነበር። ወለተ ሰንበት ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ወርውረው ደረታቸውን ደቁ። «ልጄን!» አሉ። ግቢው ፈነዳ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፤ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ጤናዬ መሬት ላይ ወደቀች። ቄሱ «ቆይ! ማን አየ? ማን ሰማ? ሳይረዱ ማልቀስ የለም!» ብለው ጮኹ፤ የሰማቸው የለም። አንዲት አልቃሽ ገና ካሁኑ የአማረን ቁመት፣ የአማረን መሪ አያያዝ በሙሾ መደርደር ጀመረች። አይናዲስ መሃሉ ላይ ደርቃ ቆመች። ልታለቅስ ፈለገች፤ ካለቀሰች ደግሞ አለቀ።

በዚያ መሃል ስልኳ ጮኸ።

ድምፁ እንደ ጥይት ነበር። ነፋሱ ኔትወርኩን ከየት እንዳመጣው እንጃ። አልቃሿ በግማሽ ቃል አቆመች። ሁሉም እጇን አዩ። አይናዲስ ስልኩን አወጣች። አማረ አልነበረም።

«ማነው?» አለች ጤናዬ ከመሬት ላይ።

«አበባው ነው። የክሊፑ ሰውዬ።»

«በስፒከር አድርጊው። ሁላችንም እንስማ።»

«ጤናዬ...»

«አድርጊው!»

አደረገችው።

«አይናዲስ! የት ነሽ አንቺ ሴትዮ?» የአበባው ድምፅ ግቢውን ሞላው። ደስ ብሎታል። «አንደኛ ወጣን እኮ! አንደኛ! ስሚኝ፣ ቴሌቪዥን ይፈልጉሻል። ሰኞ አዲስ አበባ መምጣት አለብሽ። መቅዲ ጥቁር ቀሚስ አዘጋጅታልሻለች። ነጠላውን እንደዚያው አድርገሽ ነው የምትለብሽው፤ እሺ?»

አይናዲስ ድምፁን ልትቀንስ ቁልፉን ፈለገች።

«ስሚ፣ ደግሞ ስለ ባልሽ ይጠይቁሻል። ሞቷል አትበይ፤ ውሸት ይሆንብናል። አልሞተምም አትበይ። ዝም በይ በቃ። መሬት መሬቱን እይ። ሕዝቡ የወደደው ይኼንን ነው፤ ሰርግ ዘፋኝማ በየቀበሌው ሞልቷል። ሰውየው ሲመለስ ደግሞ ትንሽ ጊዜ ካንቺ ጋር ፎቶ እንዳይነሳ ንገሪው። ትሰሚኛለሽ?»

ወለተ ሰንበት ስልኩን ከእጇ ወሰዱት። አያያዙን አያውቁበትም፤ እንደ ሰሃን በሁለት እጅ ነው የያዙት።

«ማነህ አንተ?»

«እ... ማን ልበል?»

«የሟቹ እናት ነኝ።»

ስልኩ ተዘጋ።

ወለተ ሰንበት ስልኩን ለአይናዲስ መለሱላት። ከዚያ ወደ አልቃሿ ዞሩ።

«አቁሚ። ይኼ መርዶ አይደለም፤ ንግድ ነው።»

«ተመስገን» አሉ ቄሱ። «ነጠላችሁን አስተካክሉ። ሂዱ፣ አውድማችሁ ላይ ሂዱ። እህል ሜዳ ላይ ትታችሁ!»

ሴቶቹ እየተያዩ ጥለታቸውን ወደ ታች መለሱ። አንዷ እፍረቷን ለመደበቅ ሳቀች፤ ሌላዋ ቆነጠጠቻት። ሰዎቹ ሲወጡ በሩ ላይ ተጨናነቁ። ቄሱም «ለጸሎት ስሙን ላስገባ» ብለው ወጡ።

ወለተ ሰንበት መደቡ ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።

«አሁን ንገሪኝ» አሉ። «አማረ የት ነው?»

«አላውቅም እማ። ከሚሌ ወዲያ ስልኩ ጠፋ። ባለመኪናውም አላገኘውም። መንገድ ተዘግቷል ይላሉ። የማውቀው ይህን ብቻ ነው።»

«ገና ከበር ስትገቢ ይህን ብትይኝ አምንሽ ነበር። ደህና ነው ያልሽኝ ጊዜ ነው የገደልሽው።»

ጤናዬ ውኃ አመጣችላቸው። ተቀበሉት፤ ጠጡ። አይናዲስ አሁንም እንደቆመች ነው። ተቀመጪ ያላት የለም።

«ለብሰሽው ራስሽን አይተሽዋል?» አሉ ወለተ ሰንበት።

«አሳይተውኛል።»

«አምሮብሽ ነበር?»

መዋሸት ትችል ነበር። ቄሱ ሄደዋል፤ መስቀሉም ሄዷል።

«አዎ» አለች።

«እኔም አይቼዋለሁ» አሉ ወለተ ሰንበት። «በሰርግሽ ቀን እንኳ እንደዚያ አላማረብሽም።» ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጡት። «ለዚህ ነው ያመንኩት።»

አይናዲስ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ይጁቤ ተመለሰች። መንገድ ላይ፣ ኔትወርክ ያገኘችበት ቦታ ቆማ፣ ክሊፑን እንዲያወርደው ለአበባው ጻፈችለት። ሰኞም አልመጣም አለችው። መልሱ ወዲያው መጣ፤ «ውሉን አንብቢው» የሚል ነበር።

አማረ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደወለ። መኪናው በረሃ ውስጥ ካምቢዮው ተሰብሮ፣ ስልኩም ባትሪው አልቆ፣ ዕቃ እስኪመጣለት እዚያው ከረዳቱ ጋር ከርሟል። ክሊፑን መኪናው ተጠግኖ ሚሌ ተመልሶ ምሳ ሲበላ በሌላ ሾፌር ስልክ አይቶታል። ሾፌሮቹ መጀመሪያ አቅፈውት ነበር፤ በኋላ ስቀውበታል። እሱ እንደሳቀ አልነገራትም። ስለ እናቱ ጠየቃት። ነገረችው።

ክሊፑ አልወረደም። በጥር ማርቆስ ዙሪያ ለሰርግ የጠራት ሰው አልነበረም።

አማረ በሚቀጥለው ሳምንት ገባ። መኪናውን ማርቆስ አቁሞ፣ ቤቱ ሳይደርስ፣ የይጁቤን ሚኒባስ ተሳፈረ።